የእትዬ ቀጭን ተሳቢ

በመተማዋ ትንሽ ከተማ በኮኪት አዲስ ተሳቢ ወይም አዲስ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ጭነት ከመጫኑ በፊት ወደ በያጅ ቤት ይወስደዋል። ምንም ያልሆነ ብረት ሊያስበይድ። "ቀበቶ አስታጥቅልኝ" ነው የሚለው። ቀበቶ ማለት በሻንሲው፣ ማለትም ጭነቱን ሁሉ በሚሸከሙት በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ላይ፣ ከጎንና ከሥር የሚደረብ ወፍራም ላሜራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ፍየል ያርዳል፣ ጎረቤት ይመርቃል፣ ከዚያ ተሳቢው ከልኩ በላይ ጆንያ ተሸክሞ ይወጣል። ልማዱን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ብረቱ ሁሉ ለስላሳና ወፍራም በነበረበት ዘመን ደህና ነበር፤ እኔም ስንቱን አስታጥቄያለሁ። አሁን አሁን ግን ቃሉን ስሰማው ይደክመኛል።

ለነገሩ የማይደክመኝ ነገር ጥቂት ነው። ጀርባዬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ብልጭታ ፊቴ ላይ እየዘነበ ከመኪና ሆድ ሥር ያሳለፍኩት ጊዜ አልጋዬ ላይ ካሳለፍኩት ሳይበልጥ አይቀርም። የመተማ ቆላ ያለ እሳትም ይበቃል፤ እኔ እሳት ጨምሬበት ነው የኖርኩት። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ጀነሬተሩ ሲያቆም ደንበኛው ይጮኻል። ጎንደር ቴክኒክ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ እዚያው ከተማ ጋራዥ ከፍቷል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይደውልና "ጣራ ሥር፣ ቆመህ፣ ጠረጴዛ ላይ ትሠራለህ፤ በቃ ና" ይለኛል። እኔም በየዓመቱ "ከመከሩ በኋላ" እለዋለሁ። ከመከሩ በኋላም አልሄድም፤ እትዬን ትቼ መሄድ አልችልም።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደችው ከባሏ ጋር ነበር፤ መሬት ተከራይተው ሰሊጥና ማሽላ ያርሱ ነበር። ባሏ ሲሞት "አንድ መከር ላግዛት" ብዬ ወረድኩ፤ ያው እንደወረድኩ ቀረሁ። እሷም መሬቱን አልለቀቀችም። ቁመቷ አጭር ነው፣ ድምጿ ግን ረጅም ነው፤ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ከማሳው ወዲያ ጫፍ ሆነው ይሰሟታል። ይፈሯታል፣ ግን ተመልሰው የሚመጡት እሷው ዘንድ ነው።

ያ ዓመት የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር። ካቻምና ዝናቡ ባልተጠበቀ ጊዜ መጥቶ የታጨደውን ሰሊጥ አበላሸባት፤ አምና መንገዱ ተዘግቶ ጆንያው ሜዳ ላይ ከረመ። አሮጌው ተሳቢም ያኔውኑ ወገቡ ተቀነጠሰ። እርሻው ሲጀመር እኔ ቤት መጥታ ቁጭ አለችና "የዘንድሮው ሰሊጥ መጋዘን ከገባ እቆያለሁ" አለችኝ። "ካልገባ መሬቱን ለባለቤቱ መልሼ ጎንደር ልጄ ዘንድ እገባለሁ። የልጅ ጥገኛ ሆኜ።" የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እስር ቤት የሚገባ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው። እትዬን ከእርሻ ነጥዬ ከልጅ ቤት ጥግ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ላስባት አልቻልኩም። ያ ሰሊጥ መግባት አለበት አልኩ በልቤ።

አዲሱ ተሳቢ የመጣው ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል ነው። የትራክተሩ ሾፌር እየጎተተ የብየዳ ሱቄ በር ላይ አቆመው። እትዬ ከኋላ በባጃጅ ደረሰች። ሰው ተሰበሰበ፤ ኮኪት ላይ ብረት ሲመጣ ሰው አይቀርም። አንዱ የሻንሲውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለካና ከንፈሩን መጠጠ። ሌላው "ላሜራ ነው እንዴ?" አለ። እዚህ አገር ብረት የሚዳኘው በውፍረቱ ነው፤ ከዚያ በክብደቱ፣ ከዚያ በድምፁ። እትዬ ከመሬት ድንጋይ አንስታ ሻንሲውን ደጋግማ መታችው።

"ይህ ብረት አይዶለም። ቆርቆሮ ነው የሸጡልኝ" አለች።

"ብረት ነው እትዬ። ያውም የሚችል ብረት።"

"የድሮው የዚህን እጥፍ ነበር።"

"የድሮውም ተሰብሯል።"

"ስንት ዘመን ሠርቶ ነው የተሰበረ። ይህ እኮ እንደ ጣሳ ይጮኻል።"

አስረዳኋት። ብረት ሁሉ አንድ አይደለም አልኳት። የዘመኑ ሻንሲ የሚሠራበት ብረት ሲቀልጥ ኒዮቢየም፣ ቫናዲየም፣ ቲታኒየም ከሚባሉ ማዕድናት ትንሽ ይጨመርበታል፤ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ጨው ያህል እንኳ አይሆንም። ከዚያ ሙቀቱ እየተጠበቀ ይዳመጣል። ያን ጊዜ የብረቱ የውስጥ ቅንጣት ይደቅቃል፤ ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል፣ ሳይሰበር መተጣጠፍም ይችላል። ስለዚህ ቀጥኖ የወፍራሙን ያህል ይሸከማል። የክሬን ክንድ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ነው፣ ድንበር ማዶ ነዳጅ የሚሄድበት ትልቁ ቧንቧም እንዲሁ፣ የረጅም ድልድይ ተሸካሚም እንዲሁ። ተሳቢው ራሱ ሲቀል ደግሞ ትራክተሩ ባዶ ብረት አይጎትትም፤ የሚጎትተው ሰሊጥ ነው።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መስማትስ ትሰማለች።

"ያንን ጨው ያልከውን ነገር በዓይንህ አይተኸዋል?" አለችኝ።

"በዓይን አይታይም።"

"እኔ ግን ውፍረቱን አይቻለሁ" አለች። "ቀበቶ አስታጥቅልኝ።"

የቆሙት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ደከመኝ። እንዲህ ያለው ብረት ጥንካሬው ያለው ያንን ደቃቅ ቅንጣት እንዳለ በመጠበቁ ላይ ነው። የብየዳ እሳት ሲበዛበት ቅንጣቱ ያብጣል፣ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ይሰንፋል። ወፍራም ላሜራ ሲደረብበት ደግሞ የታጠቀው ክፍል ይገትራል፣ ያልታጠቀው እንደ ልማዱ ይተጣጠፋል፤ ጭንቀቱ ሁሉ ቀበቶው ከሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ይህንንም ነገርኳት። "አልሠራም እትዬ። ለሌላ ሰውም አልሠራው፣ ላንቺማ ጨርሶ አልሠራውም" አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ለሾፌሩ "ንዳው" አለችው።

ያሻገረችው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው በያጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ይሠራል። በመከር ሰሞን ደጁ ላይ ሰልፍ ስላለ እያንዳንዱን መስመር በይዶ ሳይጨርስ ከጀሪካን ውሃ ያፈስበታል፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ጭስስ የሚለውን ስሰማ ጥርሴን የነቀሉኝ ያህል ተሰማኝ። ተሻግሬ "ውሃውን ተወው፤ ይህ ብረት በትኩሱ ውሃ ሲነካው ከመስመሩ ጥግ ይደርቅና እንደ ብርጭቆ ይሆናል" አልኩት። "ባለቤቷ ቸኩላለች" አለኝ ቀና ሳይል። ባለቤቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ነበር። ተመልሼ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ማታ ፍየሉ ታረደ፤ ድርሻዬ በሳህን መጣልኝ።

ከዚያ ወዲያ ተኳረፍን። የእትዬ ኩርፊያ እንግዳ ነገር አለው፤ ምሳዬን በሾፌሩ እጅ በየቀኑ ትልክልኛለች፣ ሰላምታ ግን አትልክም። እኔም ሳህኑን አጥቤ እመልሳለሁ፣ እንዴት ናት ብዬ አልጠይቅም። ሰሊጡ ታጨደ፤ ሂላ በምንለው ክምር እየቆመ ደረቀ፤ ተራገፈ፤ ጆንያ ገባ። ተሳቢው ቀበቶውን ታጥቆ፣ ጆንያ እስከ ሰማይ ተጭኖ፣ ከጆንያው በላይ ሠራተኞች ተቀምጠውበት በሱቄ በር ያልፍ ጀመር። አንድ ቀን ሾፌሩ ምሳዬን ሲያቀብለኝ "እመቤት ቀበቶው ይዟል በለው ብለዋል" አለኝ። ይያዝ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ልክ ከምሆን ተሳስቼ ብገኝ ይሻለኝ ነበር።

ግን እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። አንድ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ እርሻው ድረስ ሄድኩ። እትዬ አይታኝ እንዳላየች ሆነች። ተሳቢው ግማሽ ተጭኖ ቆሟል። ማንንም ሳላነጋግር ከሥሩ ገባሁ። የቀበቶው ጫፍ የተበየደው ሻንሲውን አቋርጦ ነበር፤ ከዚያ መስመር ጥግ ላይ ከፀጉር የማይወፍር ነገር ወደ ላይ ተስቧል። ፀጉር ላለመሆኑ ምልክቱ ዳር ዳሩን የተረጨው ቀይ የዝገት ዱቄት ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት ሲፋተግ እንደዚያ ያለ ዱቄት ይተፋል። በጥፍሬ አሻሸሁት፤ ጥፍሬን ያዘው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት፤ የሷ መከራ ከመቼ ወዲህ ነው የኔ ያልሆነው።

"እትዬ፣ ነይ እዪ" አልኳት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጎኔ በደረቷ ገባች። ጣቴን ጣልኩበት። አየችው፤ በጥፍሯ ነካችው።

"ስንት ዙር ይችላል?" አለች።

"አላውቅም። ዛሬ ሊሆን ይችላል፣ ከወር በኋላ ሊሆን ይችላል። የድሮው ወፍራም ብረት ሊሰበር ሲል ይጎብጥ ነበር፣ ታዪው ነበር። ይህ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ከደረቀ ሲለቅ ሳይናገር ነው።"

ቀና ብላ ወደ ሠራተኞቹ አየች። በጆንያው ላይ ተቀምጠው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። በምዕራብ በኩል፣ በጋላባት አቅጣጫ፣ በዚያ ወቅት መኖር የሌለበት ደመና ተቀምጧል። ሜዳው ላይ ገና ያልተጫነ ብዙ ጆንያ አለ፤ ዝናብ ካገኘው ሰሊጡ ይጠቁራል፣ ነጋዴ ዞሮ አያየውም። ሰሊጡ የሷ ነገር ሁሉ ነው። ከሥሩ ወጥታ አቧራዋን አራገፈችና "አውርዱት" አለች በዚያ ረጅም ድምጿ። "ሁሉንም አውርዱት።" በዚያች ቀን ከማንም በላይ አከበርኳት።

ጀነሬተሩንና መበየጃውን ለማምጣት ወደ ኮኪት ተመለስኩ። የኔ ኤሌክትሮድ፣ ቀልጦ የሚበይደው ዘንግ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም ነበር፤ ክረምቱን እርጥበት ጠጥቷል፣ እርጥብ ኤሌክትሮድ ደግሞ እንዲህ ባለ ብረት ውስጥ አዲስ ስንጥቅ ይዘራል። ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ድንበሩ ደህና በነበረበት ጊዜ መተማ ዮሐንስ ላይ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ማዶ ጦርነት ሲነሳ ኮንቴይነራቸውን አስጭነው ኮኪት ገቡ። ሱቃቸው ያው ኮንቴይነሩ ነው። እኔ ያንን ኮንቴይነር እወደዋለሁ። ብረቱ የሻንሲው ዘመድ ነው፤ መዳብና ክሮም ስለገባበት ዝገቱ ከላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይይዝና ለውስጡ ቆዳ ይሆነዋል። ቀለሙ ከተላጠ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ውስጡ ደህና ነው። ውሃ የሚተኛበት የታችኛው ጠርዝ ብቻ ተበልቷል፤ መድረቂያ ጊዜ ካላገኘ ያም ብረት አይችልም።

"ሐጂ፣ ያልተከፈተ ኤሌክትሮድ አለዎት? በቆርቆሮ የታሸገው?" አልኳቸው።

"አለ ወለዴ፣ አለ ልጄ። ለድልድይ ሠሪዎች ብዬ አምጥቼው እነሱ ሄዱ፣ እሱ ቀረ። እዚህ ሰው ሁሉ ወፍራም ስጠኝ እንጂ ደረቅ ስጠኝ አይለኝም።" ከመደርደሪያው ሥር አቧራውን በጀላቢያቸው እጅጌ እየጠረጉ አወጡልኝ። "ለማን ነው?"

"ለእትዬ።"

"ታረቃችሁ?"

"ተሳቢዋ ተሰነጠቀ።"

"ያው ነው" አሉኝ።

እርሻው ላይ ስደርስ ሠራተኞቹ ጆንያውን አውርደው በሸራ ሸፍነውታል። ሻንሲውን በክሪክ አነሳሁት። የቀበቶውን ብየዳ በግራይንደር እየቆረጥኩ፣ ወፍራሙን ላሜራ ቁራጭ በቁራጭ አወለቅኩ። እትዬ ያንን ሁሉ ላሜራ መሬት ላይ ተቆልሎ አየችው። ስንጥቁ ከሚያልቅበት ጫፍ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳይሄድ። ስንጥቁን ፈልፍዬ አጸዳሁ። ኤሌክትሮዱን ከፍም በላይ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አሞቅኩት። ከዚያ እያረፍኩ፣ አጭር አጭር መስመር እየበየድኩ፣ መሃል መሃሉን እጄን እያቀረብኩ ሙቀቱን እያየሁ ሞላሁት። በመጨረሻ የላይ ፊቱን ለስልሶ ከሻንሲው ጋር አንድ እስኪሆን ሞረድኩት። ከሠራተኞቹ ምድጃ ሞቅ ያለ አመድ አስመጥቼ፣ ከሥር ቆርቆሮ ደግፌ አለበስኩት።

"አሁንስ?" አለች እትዬ።

"አሁን ይቀመጣል። በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ።"

ዓይኗ ወደ ውሃ ጀሪካኑ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እኔ፤ ከዚያ ወደ ደመናው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች ለራሷ። ከጎጃም የመጣ አንድ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ "ብረትም ዕረፍት ይሻል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ካገኘ ይወዳል" አልኩት። "ምነው እኛን ብረት ባደረገን" አለና ጓደኞቹ ወደተጋደሙበት ሄደ።

እኔና እትዬ ራኩባ ውስጥ፣ ከሣር በተሠራው ዳስ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነበር። እትዬ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ያየኋት ባሏ የሞተ ሰሞን ብቻ ነው። ሙቀቱ ከመሬቱ ይነሳል፣ ደመናው ባለበት ቆሟል፣ አመዱ ሥር ያለው ብረት እንዳለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጮኽበትም የምትሠራውም ነገር አልነበራትም።

"ደክሞኛል" አለች።

"ሁላችንም ደክሞናል እትዬ።"

"የኔው ሌላ ነው። ጠዋት ስነሳ ጫማዬን ሳየው ማልቀስ ያምረኛል። ይህን ጫማ አድርጌ እንደገና ልውጣ እላለሁ።" ይህን ስትል አላየችኝም። "ልጄ ባለፈው ደውላ ምን አለችኝ መሰለህ? አልጋሽን መስኮት ሥር አድርጌልሻለሁ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያ ሂላው ሥር ተቀምጬ ያን አልጋ ሳስበው ዋልኩ።"

ያንን በጭራሽ አልጠበቅኩም። "የልጅ ጥገኛ አልሆንም አልነበር እንዴ ያልሽኝ?"

"ላንተ ምን ልበልህ ታዲያ? እኔ ወርጄ ነው አንተን ያወረድኩህ። ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ሱቅህ እዚህ፣ ደንበኛህ እዚህ። ምሳ ካልላኩልህ አትበላም፤ ሳህኑ ሲመለስ እያየሁ ነው በልቷል የምለው። አንተን ለማን ትቼ ልሂድ? ለኔማ ቢሆን ካቻምና ዝናቡ ሲመታኝ እግዜር አገላገለኝ ብዬ እሄድ ነበር።"

አፌን ከፈትኩ። እኔም እኮ የቆየሁት ላንቺ ነው ልላት ነበር፤ ጓደኛዬ በየዓመቱ እንደሚደውል፣ እኔም በየዓመቱ እንደምዋሸው። ደግሞ ሜዳውን አየሁት። ጆንያው ተቆልሏል፣ ሠራተኞቹ ሥራቸው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። አሁን ብነግራት ሁሉንም እዚያው ጥላ ብትነሳስ አልኩ። ዓመት ሙሉ የለፋችበትን መከር መሃል ላይ መተው ለሷም ነውር ነው፣ ለኔም። መጀመሪያ ይግባ። ከዚያ በሰላም፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እነግራታለሁ። እንዲህ ብዬ አፌን ገጠምኩት፤ ነጎድጓዱም ያን ጊዜ አጉረመረመ፣ እሷም ሸራውን ልታስጠብቅ ተነሳች።

ብረቱ የቀዘቀዘው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አመዱን ጠርጌ ሥሩን በባትሪ እያበራሁ ጣት በጣት አየሁት። ደህና ነበር። እትዬ "ልምታው?" አለችኝ፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ድንጋይ አንስታ መታችው። ያው እንደ ጣሳ ጮኸ። "ይጩህ እንግዲህ" አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ በልኩ እየጫንን አጓጓዝን። ሠራተኞቹን ጆንያው ላይ ማስቀመጥ ቀረ፤ እያጉረመረሙ በእግራቸው ሄዱ። ምልልሱ በዛ፣ ሾፌሩም አጉረመረመ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ከተሳቢው ጋር ነበርኩ፤ በየዙሩ ከሥሩ ገብቼ አያለሁ፣ ወጥቼ "ሂድ" እላለሁ። ዝናቡ አንድ ከሰዓት መጣና አስፈራርቶን ወደ ሳንጃ በኩል አለፈ። ወገቤ ለሁለት የተከፈለ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ድምጿ ዘግቶ በእጇ ማዘዝ ጀምራ ነበር። ሁለታችንም ያንን ሰሊጥ ለማስገባት እንደዚያ ስንለፋ የሚያየን ሰው ከዚያ ቆላ በቀር መኖሪያ የማንፈልግ ይመስለው ነበር።

የመጨረሻው ጆንያ መጋዘን የገባ ቀን እትዬ ሠራተኞቹን አሰናበተች። እየመረቋት ሄዱ። ከሱቄ ጥቂት አለፍ ብሎ ባለው መጋዘን ደጃፍ፣ ባዶው ተሳቢ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እግራችንን አንጠልጥለን። አሁን ነው አልኩ።

"እትዬ፣ ያን ቀን ራኩባ ውስጥ ያልሽኝ። እኔም እዚህ የቆየሁት ሱቅ ስለወደድኩ አይደለም። ጎንደር ጣራ ሥር የሚሠራ ሥራ አለኝ፤ ጓደኛዬ በየዓመቱ ና ይለኛል። የቀረሁት አንቺን ብቻሽን ላለመተው ነው።"

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያለውን አቧራ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ድምጿ ስለዘጋ ነው እንጂ እየሳቀች ነበር። እኔም ሳቅኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ባዶ ተሳቢ ላይ ተቀምጠን ዓይናችን እንባ እስኪያወጣ ሳቅን።

"ጋራዡ ጎንደር የት አካባቢ ነው?" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

ነገርኳት።

"ከልጄ ቤት በእግር ይደረሳል" አለች። ሳቋ እየለቀቃት ሄደ። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። "ዛሬ ጠዋት ባለ መሬቱ እርሻው ድረስ መጥተው ነበር። ሌላ ተከራይ ጠይቋቸው፣ ላንቺ ቅድሚያ ብለው። ሰሊጡ ከገባ እቆያለሁ ብዬ የለ? ገባ። እጃቸውን መትቼ ቃሌን ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ያን ሰው ዛሬውኑ መልሰውታል።"

እዚህ አገር እጅ ተመትቶ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም፤ ቢታጠፍም እትዬ የምታጥፈው አይደለችም፤ ይህን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ብነግራት ኖሮ የሚለውን ሁለታችንም አሰብን፣ ሁለታችንም አላነሳነውም። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ትፋጃለች። መንገዱ ማዶ ያለው በያጅ ውሃ ሲያፈስ ይሰማል።

"አንድ ዓመት ነው" አለች። ከተሳቢው ላይ ወርዳ በእጇ ሻንሲውን ዳሰሰችው፣ እኔ የበየድኩትን ቦታ ፈልጋ። "እስከዚያ ይህ ይችላል?"

"ተሳቢውማ ይችላል" አልኳት።